ባለቀዳዳ ባዮአክቲቭ ግላስ፦ መድኃኒቱ በአንድ ቀን ወጥቶ ያልቃል፣ ስካፎልዱም እጄ ላይ ይፈርሳል። ምን ይሻለኛል?

ስፖንጅ_አቃጣይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ትዕግስት ያላችሁ ብቻ ግቡበት።

የማስተርስ ጥናቴ ባለቀዳዳ ባዮአክቲቭ ግላስ ላይ ነው። ሐሳቡ ሲወራ ቀላል ነው። አጥንት የጎደለበት ቦታ ላይ የሚቀመጥ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ብርጭቆ (ስካፎልድ የምንለው) ትሠራለህ፣ አንቲባዮቲክ ታጠጣዋለህ፣ አጥንቱ እያደገ ሲገባበት ብርጭቆው ቀስ እያለ ይሟሟል፣ መድኃኒቱ ደግሞ እስከዚያው ባክቴሪያውን ይጠብቃል። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

አሠራሬን ልንገራችሁ። ቲኢኦኤስ (የሲሊካው ምንጭ)፣ ካልሲየም ናይትሬትና ትራይኢታይል ፎስፌት ኢታኖል ውስጥ ከፒ123 (ደቃቁን ቀዳዳ ከሚፈጥረው ፖሊመር) ጋር አዋህዳለሁ። የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ በትንንሹ ቆርጬ እነክራለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ አደርቃለሁ። ይህን ጥቂት ጊዜ ደጋግሜ በመጨረሻ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ አስገባዋለሁ። ስፖንጁ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ቅርጹን የያዘ ነጭ ብርጭቆ ይቀራል። ሲያዩት ያምራል። በሁለት ጣት ሲይዙት ግን እንደ ጠመኔ ዱቄት ይሆናል። ካለፈው ምድጃ ካወጣኋቸው ውስጥ ግማሹን ከሳህኑ ወደ ሚዛኑ ሳሻግር ብቻ ሰባብሬያለሁ።

መድኃኒቱ ቫንኮማይሲን ነው። ውሃ ውስጥ አሟምቼ ስካፎልዱን 24 ሰዓት እነክረዋለሁ፣ አውጥቼ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ፒቢኤስ (የሰውነት ፈሳሽን የሚተካ ጨዋማ ውሃ) ውስጥ አስቀምጬ በየሰዓቱ እለካለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከሦስት አራተኛ በላይ ወጣ። በሦስተኛው ቀን የሚለካ ነገር የለም።

አማካሪዬ ደግሞ "ሁለት ሳምንት ይልቀቅ፣ ጥንካሬውም እንደ አጥንት ይሁን" ይሉኛል። ይህ ሁሉ ከአንድ ቁስ ይጠበቃል ወይስ ሊገድሉኝ ነው? የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ብርጭቆ_አቅላጭ፦

አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም ሰባብረናል።

መጀመሪያ ሁለቱን ቀዳዳ ለያይተሽ አስቢ። አንቺ "ቀዳዳ" የምትዪው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ነው። ከስፖንጁ የመጣው ትልቁ ቀዳዳ በማይክሮሜትር ይለካል። ሴልና የደም ሥር እንዲገባበት ቢያንስ 100 ማይክሮሜትር ይፈለጋል፣ 300 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ አንዱ ወደ ሌላው መክፈቱም ግድ ነው። ከፒ123 የመጣው ትንሹ ቀዳዳ በናኖሜትር ነው፣ 5 አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 60 ሺህ እጥፍ ይሆናል። ትልቁ በር ነው፣ ትንሹ ኪስ ነው። አጥንቱ በበሩ ይገባል፣ መድኃኒቱ ኪሱ ውስጥ ይቀመጣል። የጥንካሬ ጥያቄሽ የበሩ ጉዳይ ነው፣ የመድኃኒቱ የኪሱ። ለሁለቱም አንድ መልስ ከፈለግሽ አታገኚውም።

አሁን ስለ መፈረፈሩ። ከተሰበሩት አንዱን ውሰጂና የተሰበረበትን ፊት ማይክሮስኮፕ ላይ እዪው። እያንዳንዷ ዘንግ መሐሏ ባዶ ሆና ታገኛታለሽ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላት ክፍተት። እዚያ ቦታ የነበረው ስፖንጁ ነው። ተቃጥሎ ሲወጣ ቱቦ ትቶልሽ ሄደ። በቱቦው ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ስንጥቅ ይጀምራል። ብርጭቆ ስንጥቅ ካገኘ አይምርም። ስለዚህ ያንቺ ስካፎልድ በባዶ ቱቦዎች የተሠራ ቤት ነው፣ የቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ ደግሞ በናኖ ቀዳዳ የተሞላ። ለምን ፈረሰ ብሎ መገረም አያስፈልግም፣ እስከ ሚዛኑ መድረሱም ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥር ከፈለግሽ፣ በዚሁ በስፖንጅ ዘዴ 45ኤስ5 ከሚባለው ባዮአክቲቭ ግላስ የተሠራና 90% ገደማ ክፍት የሆነ ስካፎልድ የሚሸከመው ወደ 0.3 እና 0.4 ሜጋፓስካል ነው። ስፖንጅ መሰሉ የአጥንት ክፍል ከ2 እስከ 12 ይሸከማል። ጠንካራው የውጭ አጥንት ከ100 በላይ ነው። አማካሪሽ "እንደ አጥንት" ሲሉ የትኛውን እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ በጨዋ ደንብ።

45ኤስ5 ሌላም ጣጣ አለው። ዱቄቱ እርስ በርሱ እንዲጣበቅ ስታሞቂው፣ በደንብ ሳይጣበቅ ክሪስታል መሆን ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጠባብ ነው። ክሪስታል ሲሆን ከሰውነት ጋር የሚያደርገው ሥራ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። 13-93 የሚባለው ግላስ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ስላለበት ይህ ችግር በጣም ይቀልለታል። እሱን በፕሪንተር ፍርግርግ አድርገው ሠርተውት፣ ግማሽ ያህሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ሲጫኑት ከ80 ሜጋፓስካል በላይ የተሸከመበት ሥራ አለ። ግን እንዳትደሰቺ፣ ያንኑ ሲያጥፉት የቻለው ወደ 11 ብቻ ነው። ብርጭቆ ነዋ።

ዝምተኛ_አንባቢ፦

ይቅርታ፣ እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። ብርጭቆ ሰውነት ውስጥ?! አይቆርጥም? ደግሞስ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንዴ? የቤቴ መስኮት ስንት ክረምት አልፎበታል።

ብርጭቆ_አቅላጭ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምንም ይቅርታ አያስፈልገውም።

የመስኮት ብርጭቆ ከ70% በላይ ሲሊካ ነው። ሲሊካው እርስ በርሱ በደንብ ስለተሳሰረ ውሃ አይደፍረውም። 45ኤስ5 ግን ስሙ እንደሚለው ሲሊካው በክብደት 45% ብቻ ነው። የቀረው 24.5% ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5% ካልሲየም ኦክሳይድ፣ 6% ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ። መረቡ የላላ ነው፣ ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲነካው ይሠራል። ሶዲየሙና ካልሲየሙ ይወጣሉ፣ በሶዲየሙ ቦታ ከውሃው ሃይድሮጅን ይገባል፣ በዚህ የተነሳ ዙሪያው ያለው ፒኤች ከፍ ይላል። የብርጭቆው ፊት ሲሊካ ጄል ይሆናል። ጄሉ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ይሰበሰባል፣ ቆይቶ ይጠነክርና ካርቦኔት ያለበት አፓታይት ይሆናል። ይህ ከራሱ ከአጥንት ማዕድን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ኮላጅኑ መጥቶ ሲይዘው አጥንቱ ባዕድ ነገር አጠገቡ እንዳለ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ታሪኩም ደስ ይላል። ላሪ ሄንች የሚባል በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አንድ ስብሰባ ሲሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከቬትናም ከተመለሰ ኮሎኔል ጎን ይቀመጣል። እሱ ስለ ሥራው ሲያወራለት ኮሎኔሉ ስለሚቆረጡት እጅና እግሮች ነገረውና ሰውነት የማይገፋው ቁስ መሥራት አትችሉም ወይ አለው። በ1969 ሄንች የሠራው ይኸው 45ኤስ5 ብርጭቆ የአይጥ ጭን አጥንት ውስጥ ተቀበረ። ከሳምንታት በኋላ ሊያወጡት ቢሞክሩ አልወጣም፣ አጥንቱ ይዞታል። በ1971 ታተመ።

በማቅለጥ የሚሠራ ግላስ ሲሊካው ከ60% ካለፈ አጥንት ጋር መያያዙን ያቆማል። እንደ ስፖንጅ_አቃጣይ በሶል ጄል (ሳይቀልጥ፣ ከፈሳሽ ኬሚካሎች) ሲሠራ ግን እስከ 90% አካባቢም ይሠራል። ምክንያቱ ያ ትንሹ ቀዳዳ ነው። አንድ ግራም ዱቄት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ፊት አለ፣ ፈሳሹ የሚነካው ብዙ ነው። ስለዚህ ኪሱ መድኃኒት ለመያዝ ብቻ አይደለም።

ስለ መቁረጥ፣ ደቃቁ ሹል ፍርፋሪ በርግጥ ጥሩ አይደለም፣ ታጥቦና ተጣርቶ ነው የሚገባው።

ክኒን_ቆጣሪ፦

እኔ ከመድኃኒቱ በኩል ልምጣ። እህቴ፣ መድኃኒቱ "ወጣ" ትያለሽ፣ እኔ ግን መጀመሪያውኑ መግባቱን እጠራጠራለሁ።

ቫንኮማይሲን ትንሽ ሞለኪውል አይደለም፣ ክብደቱ 1,450 ዳልተን አካባቢ ነው። ጄንታማይሲን ከዚህ ሲሦው ነው። ይህን ትልቅ ሰው 5 ናኖሜትር በሆነ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ሌሎች ተሰልፈው እያለ ግባ ስትዪው በር ላይ ይቆማል። ስታደርቂው ደግሞ ውሃው ሲተን ቫንኮማይሲኑ የትልቁ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፒቢኤስ ውስጥ ስትጨምሪው ወዲያው ይታጠባል። ያየሽው ይህን ይመስለኛል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከነከርሽ በኋላ ስካፎልዱን በፍጥነት አንዴ አለቅልቂውና የማለቅለቂያውን ውሃ ለኪው። የተጫነው ግማሹ እዚያ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ሁለተኛ፣ የናይትሮጅን አድሶርፕሽን (ደቃቁን ቀዳዳ በናይትሮጅን ጋዝ የሚለካ ምርመራ) ከመጫኑ በፊትና በኋላ አሠሪ። ኪሱ በእውነት ከተሞላ የቀዳዳው መጠን መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ኪሱ ባዶ ነው ማለት ነው። የቀዳዳው አፍ ብቻ ተደፍኖም ቁጥሩ ሊወርድ ስለሚችል ከማለቅለቂያው ውጤት ጋር አስተያይተሽ አንብቢው።

ሌላው፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ! ብርጭቆ_አቅላጭ አሁን ምን አለ? ውሃ ሲነካው ይሠራል። አንቺ መድኃኒት እየጫንሽ መስሎሽ ብርጭቆውን እያሟሟሽው ነው። ካልሲየሙ እየወጣ፣ ፒኤቹ እየወጣ፣ ግድግዳው እየሳሳ። ስካፎልዱ ከመድኃኒቱ በኋላ ይበልጥ የሚሰበር ከሆነ አትገረሚ። መንከሪያውን ውሃ ፒኤች በ1፣ በ4 እና በ24 ሰዓት ለኪው። ከፍ ያለ ፒኤችና ሙቀት ብዙ አንቲባዮቲክ ያበላሻል። የፔኒሲሊን ዘሮች እዚህ ላይ በጣም ደካማ ናቸው። ቫንኮማይሲንም 37 ዲግሪ ላይ ብዙ ቀን ሲቆይ ይበላሻል፣ የተበላሸውን ደግሞ በዩቪ ብርሃን መለኪያ መለየት አስቸጋሪ ነው። ማሽኑ "አለ" ይልሻል፣ ባክቴሪያው ግን አልሞተም። ስለዚህ ከሚወጣው ፈሳሽ ጠብታ ወስደሽ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ማየት አለብሽ፣ ዙሪያውን ያጸዳል ወይስ አያጸዳም።

ማዘግየቱን በተመለከተ ያሉሽ መንገዶች ብዙ አይደሉም። የኪሱን ግድግዳ በአሚን ወይም በሌላ ኬሚካል ለብጠሽ መድኃኒቱን እንዲይዘው ማድረግ፣ ለዚህ ግን የመድኃኒቱን ቻርጅ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ተመሳሳይ ቻርጅ ከሆኑ ይገፋፋሉ። ወይም ስካፎልዱን በጄላቲን፣ በካይቶሳን ወይም በፖሊካፕሮላክቶን ስስ አድርጎ መቀባት። ቅባቱ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፣ መድኃኒቱን ያዘገያል፣ ስንጥቁንም ይዞ መፈርፈሩን ይቀንሳል። ወፍራም ከሆነ ግን በሩንም ይደፍናል፣ አፓታይቱንም ያዘገያል። በነገራችን ላይ ቴትራሳይክሊን ካልሲየምን በራሱ ስለሚይዝ ከእንዲህ ያለ ግላስ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። መድኃኒት መቀየር የተፈቀደልሽ ከሆነ ለማወዳደሪያ ጨምሪው።

ወጌሻ_በነጭ_ጋውን፦

የአጥንት ሐኪም ነኝ። ከላይ ያላችሁት ሁሉ አስተማረኝ፣ አንድ ነገር ግን ልቃወም።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ መውጣቱ እንደ ወንጀል ታየ። እኛ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ላይ ብዙ እንዲወጣ እንፈልጋለን። ባክቴሪያው ቁሱ ላይ ሳይለጠፍና ባዮፊልም (ራሱን የሚከልልበት ሙጫ መሰል ሽፋን) ሳይሠራ መምታት ያለብን ያኔ ነው። የሚያስፈራን ጅራቱ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከሚገድለው መጠን በታች ሆኖ ለሳምንታት ሲንጠባጠብ ባክቴሪያውን እያለማመድነው ነው። አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ላይ ይህን እናውቀዋለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ይለቃል፣ ከዚያ አብዛኛው ውስጡ ታስሮ ይቀራል፣ ሲሚንቶው ስለማይሟሟ ደግሞ እንክብሎቹን ለማውጣት ሕመምተኛውን እንደገና እናስተኛዋለን። የእናንተ ብርጭቆ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፣ ሁለተኛ ቢላዋ አይፈልግም። ስለዚህ "ሁለት ሳምንት" የሚለውን ብቻ አትያዢ። በየቀኑ የሚወጣው ከገዳዩ መጠን በላይ ነው ወይ ብለሽ ግራፉ ላይ መስመር አስምሪ። መስመሩ ሥር የወደቀው ቀን አይቆጠርልሽም።

ስለ ጥንካሬው፣ ብዙ ሰው ብርጭቆው ብቻውን እግር እንዲሸከም ይፈልጋል። ማን ጠየቃችሁ? ሸክሙን የሚይዘው ፕሌት ነው፣ ምስማር ነው፣ የውጭ ፍሬም ነው። ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው ስናክም የሞተውን አጥንት ፍቀን እናወጣለን፣ ዙሪያው ጤነኛ አጥንት ያለበት ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱን መሙያ ነው የምንፈልገው። ኤስ53ፒ4 የሚባለው፣ ፊንላንድ ውስጥ የዳበረው ግላስ፣ በፍርፋሪ መልክ ለዚሁ ሥራ ላይ ይውላል። ምንም አንቲባዮቲክ የለበትም። ፒኤቹን ከፍ ሲያደርግና በሚለቃቸው አዮኖች የጨዉን ክምችት ሲጨምር ባክቴሪያው አይመቸውም። አያችሁ፣ እናንተ እንደ ችግር የምታወሩት ፒኤች እኛ ጋ መድኃኒት ነው። ማጽዳቱ በደንብ ካልተሠራ ግን የትኛውም ብርጭቆ አያድንም፣ ይህን ከልምድ ነው የምነግራችሁ።

ስካፎልድሽ የሚያስፈልገው ጥንካሬ በጓንት ስይዘው፣ በመቀስ ጫፍ ሳስተካክለውና ጉድጓዱ ውስጥ ጫን ሳደርገው እንዳይፈርስ ነው። ከሳህን ወደ ሚዛን መሻገር የማይችል ከሆነ እኔ ጋ አይደርስም።

ብርጭቆ_አቅላጭ፦

ዶክተር እናመሰግናለን። እንግዲህ መድኃኒቱን ትተን አዮን ውስጥ ለምን አንገባም? ብር፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ስትሮንቲየም ብርጭቆው ሲሠራ አብሮ ይገባል። ምድጃውን ይችላል፣ መንከር የለም፣ ማጠብ የለም፣ ብርጭቆው በሟሟ ቁጥር ይወጣል። ቫንኮማይሲን 700 ዲግሪ አይችልም፣ ብር ይችላል።

ክኒን_ቆጣሪ፦

ይችላል፣ ግን ብሩ ባክቴሪያውን ብቻ መርጦ አይገድልም። መጠኑ ትንሽ ካለፈ አጥንት የሚሠራውን ሴልም ይዞ ይሄዳል። መዳብም እንደዚያው። አንቲባዮቲክ ቢያንስ ስንት እንደሚበቃው ተለክቶ የታወቀ ነው። ልጅቷ ደግሞ ጥናቷን ልትጨርስ ነው እንጂ አዲስ ልትጀምር አይደለም የመጣችው።

ብርጭቆ_አቅላጭ፦

እሺ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ስትሮንቲየሙን ግን ለሌላ ጊዜ አስቀምጪው።

ስፖንጅ_አቃጣይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዶክተር በተለይ ያ "መስመር አስምሪ" ያሉኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

አራት ቀን ጠፋሁ፣ ምክንያቱም የነገራችሁኝን ሳደርግ ነበር። የተሰበረውን ማይክሮስኮፕ ላይ አየሁት። ባዶ ሦስት ማዕዘን! በየዘንጉ! ይህን ሁሉ ወር አንድም ቀን የተሰበረበትን ፊት አዙሬ አላየሁም፣ ሁልጊዜ ከላይ ነበር ፎቶ የማነሳው።

የመንከሪያውን ውሃ ፒኤች ለካሁ። ከ1 ሰዓት በኋላ ከ8 በላይ፣ በ24 ሰዓቱ ከ9 በላይ። የማለቅለቂያው ውሃ ውስጥ ደግሞ ከተጫነው ከግማሽ በላይ ቫንኮማይሲን አገኘሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንድ አለቅልቄ! ክኒን_ቆጣሪ ጠንቋይ ነህ እንዴ?

አሁን ያሰብኩት፣ አጽሙን ከ13-93 ልሠራና ባለናኖ ቀዳዳውን ግላስ ላዩ ላይ ስስ አድርጌ ልቀባው ነው። በሩ የአንዱ ሥራ፣ ኪሱ የሌላው። መንከሪያውን ወደ 2 ሰዓት አወርዳለሁ፣ አለቅልቄ ጄላቲን እቀባለሁ። አማካሪዬም የፈለጉት ስፖንጅ መሰሉን አጥንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ "ታዲያ ሌላ ምን መስሎሽ ነው" አሉኝ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ለሴል ሥራው ማምከን አለብኝ። አውቶክሌቭ ላድርገው?

ክኒን_ቆጣሪ፦

በፍጹም! አውቶክሌቭ ማለት እኮ 121 ዲግሪ የጋለ ውሃ ነው። እስካሁን ከውሃ ስንሸሽበት የነበረውን በእንፋሎት ልታደርጊው ነው? ባዶውን ስካፎልድ መድኃኒት ሳይነካው በደረቅ ሙቀት አምክኚው፣ መድኃኒቱን በማጣሪያ አሳልፈሽ ንጹሕ ቦታ ላይ ጫኚ፣ ጄላቲኑንም እንዲሁ በንጹሕ አዘጋጂው።

ብርጭቆ_አቅላጭ፦

እስከዚያው የተሠሩትን እርጥበት መሳቢያ ያለበት ዕቃ ውስጥ ክደኚያቸው። ክፍት ጠረጴዛ ላይ ከተውሻቸው የአየሩን እርጥበት እየጠጡ ነው የሚያድሩት። ከሳህን ወደ ሚዛን ደግሞ በመቆንጠጫ አታንሺ፣ ሳህኑን ራሱን ሚዛኑ ላይ አድርጊውና ዜሮ በዪ።